ማሆ፦ ግዙፍ አውሮፕላን ከራሳችሁ በላይ ሲያርፍ በሰላም ለማየት

መጀመሪያ ድምፅ የለም። ከባሕሩ በላይ ደማቅ መብራቶች ብቻ ይታያሉ። ባሉበት የቆሙ ይመስላሉ። ከጎናችሁ ያለ ሰው «መጣ! መጣ!» ይላል። ቀስ በቀስ ክንፉ ይለያል፣ የተዘረጋው ጎማ ይለያል። ድምፁ የሚደርሰው ከዚያ በኋላ ነው። ቀና ስትሉ የአውሮፕላኑ ሆድ ሰማዩን ሸፍኖታል። የጎማው መስመር፣ ሆዱ ላይ ያለው የቅባት ጭረት፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሁለት ሦስት ሰከንድ ነው። ጥላው አሸዋው ላይ ሮጦ ያልፋል። ወዲያው ከአጥሩ ጀርባ ጎማው መሬት ሲነካ ጭስ ቡን ይላል።

ቦታው ማሆ ቢች ይባላል። የሚገኘው ካሪቢያን ውስጥ፣ ሴንት ማርቲን በምትባል ትንሽ ደሴት ላይ ነው። ደሴቷ ለሁለት የተከፈለች ናት። ሰሜኑ የፈረንሳይ ነው። ደቡቡ ሲንት ማርተን የሚባለው በኔዘርላንድስ ንጉሣዊ ግዛት ሥር ያለው ክፍል ነው፤ ማሆ ያለው በዚህኛው በኩል ነው።

እኔ ያደግኩት ቦሌ አካባቢ ነው። አውሮፕላን ሲያልፍ ጨዋታ አቁሞ ቀና ማለት እስካሁን አለቀቀኝም። ማሆን ሁለት ጊዜ አይቻለሁ። በመጀመሪያው ጉዞዬ ብዙ ነገር ሳላውቅ ሄጄ ግማሹ አመለጠኝ። አንድ የሚያስደነግጥ ነገርም አየሁ። በሁለተኛው ግን ተዘጋጅቼ ስለሄድኩ ጠገብኩ ማለት እችላለሁ። እናንተ ከመጀመሪያው ጉዟችሁ እንድትጠግቡ ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ሌላውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙ፦ ማሆ ላይ ሰው የሚጎዳው የሚያርፈው አውሮፕላን አይደለም፤ የሚነሳው ነው።

1. ለምን እንዲህ ዝቅ ብሎ እንደሚመጣ ተረዱ

ልዕልት ጁሊያና ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ማኮብኮቢያ አንድ ብቻ ነው። ርዝመቱ 2,300 ሜትር ገደማ ነው። የቦሌው 3,800 ሜትር ይደርሳል። ቦሌ ከፍታ ላይ ስለሆነ ረዥም ማኮብኮቢያ ግድ ይለዋል። ቢሆንም ልዩነቱን ለማየት ይረዳል። ሥራው የተጀመረው በ1942 ለጦር አውሮፕላኖች ተብሎ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠቅሰው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ስሙን ያገኘው በ1944 ያኔ ልዕልት የነበሩት ጁሊያና እዚያ ካረፉ በኋላ ነው።

ማኮብኮቢያው የሚጀምረው ባሕሩ ጥግ ነው። በመካከል ያለው አጥር፣ ጠባብ የመኪና መንገድና አሸዋው ብቻ ነው። አውሮፕላን ለማረፍ ሲወርድ ብዙውን ጊዜ በ3 ዲግሪ ነው። በየ100 ሜትሩ 5 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል ማለት ነው። ጎማው መሬት የሚነካው ከማኮብኮቢያው ጫፍ ጥቂት መቶ ሜትር ገባ ብሎ ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩት። አሸዋው ጋ ስትደርሱ የአውሮፕላኑ ከፍታ ሃያ ሜትር አካባቢ ይሆናል። እንደ አምስት ስድስት ፎቅ ሕንፃ ማለት ነው። ከዚያም ዝቅ ብሎ የሚመጣ አለ፤ ማኮብኮቢያው አጭር ስለሆነ አብራሪው ጎማውን ቶሎ ማሳረፍ ይፈልጋል። ለናንተ ብሎ የሚያደርገው ትርኢት የለም። የዕለት ሥራው ነው። እኔን በጣም የሚገርመኝም ይሄ ነው።

2. ነፋሱን አንብቡ

አውሮፕላን የሚያርፈውም የሚነሳውም ነፋስን ፊት ለፊት ገጥሞ ነው። ካሪቢያን ላይ ነፋሱ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል ከምሥራቅ ይመጣል። ማሆ ደግሞ በማኮብኮቢያው ምዕራብ ጫፍ ላይ ነው። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ከባሕሩ በኩል መጥተው በናንተ ላይ ያልፋሉ። የሚነሱትም ወደ ምሥራቅ ነው። ሲነሱ ጭራቸው ወደናንተ ነው ማለት ነው። የደስታውም የአደጋውም ምንጭ አንድ ነፋስ ነው።

ዕለቱ ጥሩ መሆኑን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። አሸዋው ላይ ቆማችሁ ፊታችሁን ወደ ባሕሩ አዙሩ። ነፋሱ ጀርባችሁን ከመታችሁ ነገሩ ሰምሯል። ፊታችሁን ከመታችሁ ግን አውሮፕላኖቹ በሌላው ጫፍ ሊያርፉ ይችላሉ። እንዲህ ያለ ቀን ጥቂት ነው፤ ከገጠማችሁ ግን ዋኙ፣ ብሉ፣ በማግሥቱ ተመለሱ።

ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው የምትኖሩ ይህን ነፋስ ማንበብ እዚያው ሰፈራችሁ አቅራቢያ መለማመድ ትችላላችሁ። አርሊንግተን ውስጥ፣ ሬገን አውሮፕላን ማረፊያ ሰሜን ጫፍ ላይ፣ ግራቬሊ ፖይንት የሚባል መናፈሻ አለ። ሣሩ ላይ ምንጣፍ ዘርግታችሁ፣ ቡናችሁን በቴርሞስ ይዛችሁ ብትቀመጡ ነፋሱ ሲቀየር የሚያርፉት በሚነሱት ሲተኩ በዓይናችሁ ታያላችሁ። ልጆቼን መጀመሪያ የወሰድኳቸው እዚያ ነው። እስራኤልና ባሕረ ሰላጤው አካባቢ ላላችሁ ደግሞ ቆጵሮስ፣ ላርናካ ያለው ማኬንዚ ቢች ይቀርባችኋል። አውሮፕላኑ እንደ ማሆው ከራሳችሁ በላይ አይጠጋም፤ ግን እያዩት መዋኘት ይቻላል።

3. ቀኑንና ሰዓቱን ምረጡ

ብዙ አውሮፕላን የሚመጣው ከታኅሣሥ አጋማሽ እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ነው፤ ይህም በፈረንጆቹ ወር ነው። አሜሪካና አውሮፓ ሲበርዳቸው ሰው ወደ ፀሐይ ይሸሻል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ይበዛል። ከሰኔ እስከ ኅዳር የአውሎ ነፋስ ወቅት ነው። ቀልድ አይደለም። ኢርማ የተባለው አውሎ ነፋስ በመስከረም 2017 ደሴቷን ሲመታ የአውሮፕላን ማረፊያው ተርሚናል ክፉኛ ተጎድቷል፤ ለመጠገን ዓመታት ፈጅቷል። በዚያ ወቅት ከሄዳችሁ ትኬታችሁም ሆቴላችሁም የሚሰረዝና ገንዘብ የሚመለስበት ይሁን።

በቀን ውስጥ ደህናው ጊዜ በእኛ አቆጣጠር ከጥዋቱ 5 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት ነው። ከአሜሪካ የሚመጡት የሚደራረቡት ያኔ ነው። ከአውሮፓ የሚመጡት ሰፊ አካል ያላቸው ግዙፍ አውሮፕላኖች፣ ማለትም ኤር ፍራንስ ከፓሪስ፣ ኬ ኤል ኤም ከአምስተርዳም፣ አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ነው የሚገቡት። በየቀኑ አይመጡም። የናንተን ቀን ከመወሰናችሁ በፊት የነሱን ቀን እዩ። እኔ በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ሳላይ ሄጄ ሁለት ቀን ሙሉ ትንንሾቹን ብቻ አይቼ ተመለስኩ።

ስልካችሁ ላይ ፍላይትራዳር24 ጫኑ። አውሮፕላኑ ገና ውቅያኖሱ ላይ እያለ ታገኙታላችሁ። ባሕር ዳርቻው ደቡብ ጫፍ ላይ ያለው ሰንሴት ባር ደግሞ የመድረሻ ሰዓቶችን በሰርፍ (በማዕበል ላይ መንሸራተቻ) ሰሌዳ ላይ ጽፎ ያቆማል። ሰሌዳው ለፎቶ ያምራል፤ ለሰዓቱ ግን ስልኩን እመኑ። መዘግየት የተለመደ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ሄዳችሁ እንዳይከፋችሁ። በየቦታው የምታዩት ታዋቂ ፎቶ ሰማያዊው የኬ ኤል ኤም ቦይንግ 747 ነው። ያ አውሮፕላን ወደ ማሆ መምጣት ያቆመው በጥቅምት 2016 ነው። አሁን ከአውሮፓ የሚመጡት ባለ ሁለት ሞተር ናቸው። ግን አታቅልሏቸው። የኤርባስ ኤ330-300 ክንፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 ሜትር ነው። ከበላያችሁ ሲያልፍ ትንሽ ነው የሚል ሰው አላየሁም።

4. ጉዞና ቪዛ

ከማያሚ በረራው ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ሰዓቱ ከአዲስ አበባ ሰባት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በማሆ በኩል በዶላር ሁሉም ቦታ ይገበያያሉ፤ በፈረንሳይ በኩል ዩሮ ነው። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ፓስፖርት የሚጠይቅ ኬላ የለም።

ቪዛው ላይ ተጠንቀቁ። ደሴቷ በሼንገን ክልል ውስጥ አይደለችም። የኔዘርላንድስ የካሪቢያን ግዛቶች የራሳቸው ቪዛ አላቸው። በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትጓዙ፣ ግሪን ካርድ ወይም የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ቢኖራችሁም እንኳ፣ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የኔዘርላንድስ ኤምባሲን ጠይቁ። በመንገዳችሁ የምትሸጋገሩበትንም አገር ደንብ እንደዚሁ።

ከተርሚናሉ ማሆ በታክሲ ጥቂት ደቂቃ ነው። ታክሲዎቹ ሜትር የላቸውም። ከመሳፈራችሁ በፊት ዋጋውን ተስማሙ። ፊሊፕስበርግ ከተማ ያረፋችሁ ግን ማልዳችሁ ውጡ። የመዝናኛ መርከቦች ወደብ ላይ የቆሙ ዕለት መንገዱ ይጨናነቃል። ሲምፕሰን ቤይ ያለው ድልድይም ጀልባ ለማሳለፍ ይከፈታል፤ ያኔ መኪናው ሁሉ ቆሞ ይጠብቃል። የምትወዱት አውሮፕላን ከታክሲ መስኮት ሲያልፍ ማየት ያናድዳል።

5. የት እንደምትቆሙ

ለማረፍ የሚመጣውን ለማየት አሸዋው ላይ፣ መሐል አካባቢ ቁሙ። ከውኃው ጥቂት ራቅ በሉ። ማዕበሉ አሸዋው ላይ በኃይል የሚሰበርበት ቀን ብዙ ነው፤ ሁሉም ቀና ሲል ደግሞ እግሩ ሥር የሚመጣውን አያይም። ኮፍያ አውልቁ። መነጽር ያዙ። ፎጣና ቦርሳ ላይ ከባድ ነገር አድርጉ። የሚያርፍ አውሮፕላን ሞተሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚመጣ ያን ያህል አይገፋችሁም። ነፋስ አለው፤ አሸዋ ያነሳል። በቃ።

ካለፈ በኋላ ቶሎ አታውሩ። ጥቂት ሰከንድ ዝም በሉ። ከላይ የሆነ ፉጨት፣ ጨርቅ የሚቀደድ የሚመስል ድምፅ ትሰማላችሁ። ከክንፉ ጫፎች ተጠምዝዞ የቀረው አየር ወደ መሬት ሲወርድ ነው። ባዶ ሰማይ ሲያፏጭ መስማት ለእኔ ከአውሮፕላኑ እኩል ነው። አብዛኛው ሰው በጩኸትና በጭብጨባ ያመልጠዋል።

አሁን ወደ መነሳቱ እንምጣ።

ከመንገዱ ባሻገር ያለው አጥር ላይ ማስጠንቀቂያ ተለጥፏል። ከአውሮፕላን ሞተር የሚወጣው ግፊት ከባድ ጉዳትና ሞት ሊያደርስ እንደሚችል በግልጽ ይናገራል። ሰው ግን አጥሩን ጨብጦ ግፊቱን «ለመቋቋም» ይሰለፋል። የሚነሳ አውሮፕላን ከኋላው የሚለቀው አየር ትኩስ ነው፣ አሸዋና ጠጠር ይዞ ነው የሚመጣው፣ ቆሞ የሚችለው ሰው የለም። አጥሩን የያዘ ሰው እጁ ሲለቅ የሚወድቀው አሸዋ ላይ አይደለም። ከጀርባው ያለው የመንገዱ ጠርዝ፣ ሲሚንቶና ድንጋይ ነው። በሐምሌ 2017 አንዲት የ57 ዓመት የኒውዚላንድ ጎብኚ ሕይወቷ ያለፈው በዚህ መንገድ ነው። ግፊቱ ጥሏት ጭንቅላቷን ተመታች። አውሮፕላኑ ግዙፍ አልነበረም።

እኔ ያየሁትም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ አንድ አባት የስድስት ሰባት ዓመት ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ከተሰለፉት ኋላ ቆሞ ነበር። አጥሩን አልያዘም፤ ራቅ ያለ መስሎት ነው። ሞተሩ ሲያገሳ አሸዋው እንደ መርፌ ወጋን። ፊቴን ሸፍኜ ስገልጥ አባትየው ተንበርክኳል፣ ልጁ አስፋልቱ ላይ ወድቋል። አገጩ ተሰንጥቆ ደም ይወርዳል። ውኃ ሰጠናቸው፣ ልብስ አስያዝነው። ልጁ የተረፈው በእግዚአብሔር ቸርነት ነው። አባትየው «አላወቅኩም፣ አላወቅኩም» ይል ነበር። እውነቱን ነው፤ አላወቀም። እናንተ ግን አሁን አውቃችኋል።

ምልክቱን ላሳያችሁ። ከተርሚናሉ የወጣ አውሮፕላን ለመነሳት ማኮብኮቢያው ላይ ራሱ ወደናንተ እየተንከባለለ ይመጣል። አፍንጫው ወደ ባሕሩ ነው። ሰው «ሊያርፍ ነው እንዴ?» ይላል። አይደለም። ጫፉ ላይ ደርሶ ሊዞር ነው። ከዞረ ጭራው ወደናንተ ይሆናል፤ ከዚያ ፍሬን ይዞ ሞተሩን ያስገሳል። ስለዚህ አፍንጫውን ስታዩ ጊዜ አላችሁ። ተረጋግታችሁ ወደ ጎን ሂዱ። ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ፣ ከማኮብኮቢያው መስመር ጨርሶ ውጡ። ወደ ኋላ ወደ ውኃው መሸሽ አያድንም፤ ግፊቱ አሸዋውን ተሻግሮ ባሕር ውስጥ ይከታል። ከጎን ሆናችሁ ስታዩ ደግሞ የሚያምረው እሱ ነው። ውኃው ላይ የሚሮጠው ነጭ ርጭት የሚታየው ከጎን ነው።

ልጅ ይዛችሁ ከሆነ አንድ ሰው ሥራው ልጁን መያዝ ብቻ ይሁን። ፎቶ አያንሳ። የጆሮ መድፈኛ ይዛችሁ ሂዱ። መንገዱን ስትሻገሩም እጁን ያዙ፤ ሾፌሩም እንደናንተው ቀና ብሎ ሰማይ ያይ ይሆናል።

6. ፎቶና ቪዲዮ

በስልክ ከሆነ አታቅርቡ። እንዳለ ተዉት። አውሮፕላኑ ሲደርስ ራሱ ሞልቶት ይተርፋል። መብራቶቹ ሲታዩ ቅረጹ፣ ስልኩን በሁለት እጅ ያዙ፣ እግራችሁን ሳታነሱ ወገባችሁን ብቻ አዙሩ። ፍጥነቱ በሰዓት 250 ኪሎ ሜትር አካባቢ ስለሆነ ዘግይቶ የጀመረ ሰው ጭራ ብቻ ይዞ ይቀራል።

በካሜራ ከሆነ ለጄት የመዝጊያውን ፍጥነት ከ1/1000 ሰከንድ በላይ አድርጉት። ፕሮፔለር ላላቸው ግን ወደ 1/250 አውርዱት። አለዚያ ፕሮፔለሩ የቆመ ይመስልና አውሮፕላኑ ሰማይ ላይ የተሰቀለ አሻንጉሊት ይሆናል። ወደ ሳባ ደሴት የሚመላለሱትን ትንንሽ ትዊን ኦተሮች አትናቁ። ሳባ ላይ የሚጠብቃቸው ማኮብኮቢያ 400 ሜትር ብቻ ነው። ያን እያሰባችሁ ስታዩአቸው ሌላ ነገር ይሆናሉ።

ብርሃኑ እስከ ቀትር ድረስ ለናንተ ያደላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስለምትዞር ከፊት የሚመጣው አውሮፕላን ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል። ትልልቆቹ የሚመጡት ደግሞ ያኔ ነው። መላው ይኸውላችሁ፦ ከፊት አትጠብቁት። ወደ ደቡቡ ጎን ሂዱና አውሮፕላኑ ካለፈ በኋላ አንሱት። ጭራው፣ አጥሩ፣ የጎማው ጭስ፣ ኋላ ያሉት ኮረብቶች፣ ሁሉም ፀሐይ በርቶባቸው ታገኟቸዋላችሁ። የኔ ምርጥ ፎቶ እንዲህ የተነሳ ነው።

ሌንስ እዚያ አትቀይሩ። አሸዋው ይገባል፣ ጨዉም ያበላሻል። ማታ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት። ድሮን አታስነሱ፤ እዚያ የሰው ሕይወት ነው ያለው።

አንዱን አውሮፕላን ደግሞ ምንም ሳትይዙ እዩት። ስልኩን ኪስ አድርጉ። እኔ ሁለተኛው ጉዞዬ ላይ ከፓሪስ የመጣውን እንዲህ አየሁት። አንድም ፎቶ የለኝም፤ ከሁሉም አብልጬ የማስታውሰው ግን እሱን ነው።

7. ስትመለሱ

የመመለሻ በረራችሁን ስትይዙ መስኮት ያዙ። አውሮፕላናችሁ ማኮብኮቢያው ላይ ወደ ማሆ ጫፍ ይንከባለላል፤ ስትቀርቡ አሸዋውን፣ ጃንጥላዎቹን፣ ዋና ልብስ የለበሱትን ሰዎች ታያላችሁ። ሊዞር ሲል ጥቂቶቹ ወደ ጎን ሲሄዱ፣ ብዙዎቹ ወደ አጥሩ ሲሮጡ ይታያሉ። መስኮቱ ቀስ ብሎ ሲያልፋቸው አጥሩን የጨበጡ እጆች ሳይቀሩ ይለያሉ። ከዚያ ከኋላችሁ ሞተሩ ድምፁን ይጨምራል።